ስንሞት እድር አለን፤ በቁማችንስ?

(በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የኮንዶሚኒየም መንደር የነዋሪዎች እድር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ያደረጉት ንግግር ነው። ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ የእድራችን ሰብሳቢና የሥራ አመራር አባላት፣ የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወላጆቻችሁን ደግፋችሁ ከአራተኛ ፎቅ ያወረዳችሁልን ልጆቻችን፣ እንደምን አደራችሁ? ጤና ይስጥልኝ። በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ጓደኝነት ነው። የወጣቶቹን አላነሳም፤ እነሱ ያውቁበታል። እኔ የማነሳው ከ60 ዓመት በኋላ፣ መሥሪያ ቤታችን አመስግኖ ከሸኘን በኋላ፣ ልጆቻችን የየራሳቸውን ጎጆ ከቀለሱ በኋላ ስለሚኖረን ጓደኝነት ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከመካከላችን አንድ ሰው ዛሬ ሌሊት ቢሞት ምን እንደሚደረግ የማያውቅ አለ? የለም። ድሮ በጥሩምባ፣ ዛሬ ደግሞ በስልክና በየብሎኩ በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ለቅሶው ይነገራል። ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ከመጋዘን ይወጣል፤ ብረት ድስቱና ሳህኑ ተቆጥሮ ይሰጣል። ተራ ገብተን እንቀመጣለን፤ ያልተቀመጠ ይቀጣል። ይህን ሥርዓት ማንም ከውጭ አላመጣልንም፤ በራሳችን እጅ የሠራነው፣ የምንኮራበት ነው። ታዲያ ያው ሰው በሕይወት ሳለ ሦስት ሳምንት ከቤቱ ባይወጣ ማን ያውቃል? የትኛው ጸሐፊ ስሙን ጠርቶ «ዛሬ ቀሩ፤ ምን ሆኑ?» ይላል? ለሞታችን ይህን ያህል ከተደራጀን፣ ለቁማችን ለመደራጀት ምን ያዘን?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። የመጀመሪያው ጓደኞቻችን የት እንደገቡ ነው። ሁለተኛው ብቸኝነት በሰውነታችን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ይህኛው አጭር ነው። ሦስተኛው ምን ብናደርግ እንደሚሻል ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ወደ መጀመሪያው ልሂድ። ጓደኞቻችን የት ገቡ? አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ ነፍስ ይማር። አብዛኞቹ ግን አልሞቱም፤ እኛ ከእነሱ ጋር የምንገናኝበት ምክንያት ነው የሞተው። አስቡት። ከመካከላችን ካዛንችስ ያደገ አለ፤ ፒያሳ፣ ልደታ፣ አራት ኪሎ ያደገ አለ። በዚያ ሰፈር የውኃ ቧንቧው የጋራ ነበር፤ ግቢው የጋራ ነበር፤ መጸዳጃውም ሳይቀር የጋራ ነበር። ስንቱን ጊዜ ተማርረንበታል! ነገር ግን ባልዲ ይዛ የወጣች ሴት ሳትነጋገር አትመለስም ነበር። ከዚያ ዕጣ ወጣ፣ ሰፈር ፈረሰ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ደረሰው። ቤቱ ይመስገን፤ ውኃው በቤት ውስጥ ነው፤ በሩም ይቆለፋል። ቁልፉ ግን ሌባውንም ጎረቤቱንም እኩል ነው ያስቀረው።

የጡረታ ሰልፉንስ ታስታውሳላችሁ? ጡረታ በመስኮት በሚከፈልበት ዘመን ወረፋው አድካሚ ነበር፤ ፀሐዩ ያናድዳል፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ይሁንና ሰው በወር አንድ ጊዜ የድሮ ባልደረባውን የሚያየው እዚያ ነበር። «እገሌስ?» ይባላል፤ «ታሟል» ከተባለ ከወረፋው በቀጥታ ወደ በሽተኛው ቤት ይኬዳል። ዛሬ ገንዘቡ በባንክ ደብተራችን ይገባል፤ ልጅ በካርድ አውጥቶ ያመጣልናል። ድካሙ ቀረልን፤ ወሬውም አብሮ ቀረ። ወደ መስኮቱ እንመለስ እያልኩ አይደለም። የማያስቀር ግዴታ ያገናኘን የነበረውን ያህል አሁን በፈቃዳችን መገናኘት ይኖርብናል ነው የምለው።

እዚህ ላይ ለአባቶችና ለወንድሞቼ ትንሽ የምለው አለኝ፤ አትቆጡኝ። ሴቶች ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም፣ ጀመዓውም፣ ቡናውም አለን። የወንዶቹ ጓደኝነት ግን አብዛኛው ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራው ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። በቀድሞው ሰፈሬ አንድ ጎረቤት ነበሩን፤ በሚስታቸው ሕይወት ቤታቸው ሰው የማይጠፋበት ነበር። ባለቤታቸው ሲያርፉ የሰልስቱም የአርባውም ድግስ በሰው ተሞላ። ከአርባው በኋላ ግን ሰው ቀስ በቀስ ቀረ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ማን እንደወለደች የሚያስታውሱት፣ የታመመውን ለመጠየቅ ባላቸውን ቀስቅሰው የሚወስዱት፣ የክርስትናውን ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ የሚያከብቡት እሳቸው ነበሩ። ሰውየው ሚስታቸውን ብቻ ሳይሆን ወዳጆቻቸውን በሙሉ አንድ ላይ ቀበሩ። ስለዚህ አባቶቼ፣ የወዳጆቻችሁን ስልክ ቁጥር ራሳችሁ ያዙት፤ ለቅሶ ብቻ ሳይሆን ልደትም በራሳችሁ እግር ድረሱ።

ሌላው፣ ማንም በግልጽ የማይናገረው ነገር፣ ብድር ነው። የገንዘቡን ብድር ማለቴ አይደለም፤ የመጋበዙን ነው። በእኛ አገር የተጋበዘ ይጋብዛል። ተጠርተን ዶሮ ወጥ ከበላን፣ እኛም ስንጠራ ዶሮ ወጥ ነው የምናስበው። ጡረታችን ባለበት ቆሞ፣ ቅቤውና በርበሬው ወደ ላይ ሲሸሽ፣ ሰው ምን ያደርጋል? ሌላውን መጋበዝ ስለማይችል እሱ ሲጠራም ይሸሻል። «ደክሞኛል» ይላል፤ «እግሬን አሞኛል» ይላል። እግሩን አላመመውም፤ ባዶ እጁን መምጣቱ ነው ያሳመመው። በነርስነት ዘመኔ ቤት ለቤት ስዞር ከሰው የተለዩ ብዙ አረጋውያን አይቻለሁ፤ ከመካከላቸው ሰው የሚጠሉት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት ሲያስተናግዱ እንዳያፍሩ የፈሩ ናቸው። ይህን ይሉኝታ ካልፈታነው ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንድ አባት ነበሩ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ይመጣሉ። ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በላስቲክ አስረው፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በቀስታ ያወጡታል። ግፊታቸው ደህና ነበር፤ መድኃኒታቸውንም አያጓድሉም። በወር አንድ ጊዜ ይበቃዎታል ቢባሉም አልቀሩም። አንድ ማክሰኞ ወረፋው በዝቶብኝ ቶሎ ለክቼ ልሸኛቸው ስል፣ በዚያኛው እጃቸው እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ አትቸኩዪ፤ ሳምንቱን ሙሉ ክንዴን የሚነካኝ ሰው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

እኚያ አባት ያሉበት ነገር በሽታ ነው ወይስ አይደለም? ዛሬ የጤና ሳይንስ እንደ በሽታ ያህል በቁም ነገር ያየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ በዚህም ምክንያት በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቷል፤ ይህ በሰዓት ወደ 100 ሰው ይሆናል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች 148 ጥናቶችን፣ ከ308 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን፣ በአንድ ላይ መርምረው ነበር። ከሰው ጋር ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ደካማ ግንኙነት ካላቸው በ50 በመቶ ይበልጥ እንደነበር አግኝተዋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ መርሳት በሽታ ያቋቋመው ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2024 ሊቀነሱ ይችላሉ ካላቸው 14 የአደጋ ምክንያቶች መካከል ከሰው መነጠልንና የመስማት ችግርን ዘርዝሯል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ተያይዘው እንደሚሄዱ በኋላ እነግራችኋለሁ። ቁጥሩ ይብቃ።

«ልጆቼ ይበቁኛል» የምትሉ አላችሁ። ልጆች በረከት ናቸው፤ እኔም አሉኝ፤ ይመስገነው። ነገር ግን ልጄ ስትደውል የምትጠይቀኝ ስለ ስኳሬ ነው፤ መድኃኒቴን ውጬ እንደሆነ ነው፤ መታጠቢያ ቤት እንዳልወድቅ ነው። የነርስ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ስትደውል ግን ስለ ስኳሬ አትጠይቅም። በመኝታ ቤታችን መስኮት ሾልከን ወጥተን ሰርግ ስለሄድንበት ሌሊት ነው የምታነሳው፤ ሆዳችን እስኪቆስል እንስቃለን። ለልጆቼ እናት ነኝ፤ ለእሷ ግን ዛሬም ያቺ አስቸጋሪ ልጅ ነኝ። ያቺን ልጅ ልጆቼ አያውቋትም፤ ሊያውቋትም አይችሉም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ምን እናድርግ? እኔ የምለው አዲስ ነገር አይደለም። የእድርን ሕግ ለቁማችን እንጠቀምበት። እድርን ያቆመው ምንድን ነው? ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ በፈረሰ ነበር። ያቆመው ቀን መኖሩ ነው፣ ቦታ መኖሩ ነው፣ ስም ዝርዝር መኖሩ ነው፣ ከሁሉም በላይ የቀረ መጠየቁ ነው። «አንድ ቀን እንገናኝ» ብለን ከተለያየን አንገናኝም፤ ረቡዕ በ9 ሰዓት ካልን እንገናኛለን።

ይህን የደረሰበት ሌላም ሕዝብ አለ። በጃፓን፣ ለረጅም ዕድሜ ነዋሪዎቿ ስሟ በሚነሳው በኦኪናዋ ደሴት፣ «ሞአይ» የሚባል የወዳጆች ስብስብ አለ። ጥቂት ጓደኛሞች በየጊዜው ተገናኝተው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የተዋጣው በተራ ለአንዳቸው ይደርሳል፤ ከዚያ ተቀምጠው ሲጫወቱ ያመሻሉ። ይህን ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው፤ እቁብ አይደለም እንዴ? እኛ እቁቡን ወደ ባንክና ወደ ስልክ አሻግረን ጨዋታውን ስንቀንስ፣ እነሱ ገንዘቡን ምክንያት አድርገው ጨዋታውን ጠበቁት።

እኔና በዚህ መንደር ያሉ ጥቂት እኅቶች ከጀመርን ቆይተናል። ቦታችን ኮሙናሉ ነው፤ ያ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃና ለለቅሶ መቀመጫ ተብሎ የተሠራው፣ በአብዛኛው መንደር ለመጋዘንነት የሚከራየው ቤት። ሕጋችን ሦስት ብቻ ነው። አንደኛው፣ ከቡናና ከቆሎ ሌላ ምንም አይቀርብም። ምንም! አንዲት እኅታችን የጾም ፍቺ ሰሞን ድፎ ዳቦ ጋግራ መጣች፤ በቀጣዩ ሳምንት ሌላዋ ክትፎ ለማምጣት ስታስብ ደረስንባት። ዳቦውን በላነው፤ ጣፋጭ ነበር፤ ሕጉን ግን አጸናነው። ቆሎ ሁሉም ሰው ሊያመጣ ይችላል፤ በቆሎ የሚያፍር የለም። ቅድም ያልኩት የይሉኝታ ቋጠሮ የተፈታው በዚህች ደንብ ነው፤ «እግሬን አሞኛል» ይሉ የነበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸው መጥተዋል።

ሁለተኛው ሕጋችን የቀረ ይጠየቃል የሚለው ነው። በመቀጫ አይደለም። ቡናው እንደፈላ ያልመጣውን ሰው አንዷ ትደውልለታለች፤ ካላነሳ ሁለት ሰው ተነሥቶ በሩን ያንኳኳል። የቀረ ይጠየቃል! አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ አንዲት እናት መታጠቢያ ቤት ወድቀው አግኝተናቸዋል፤ ልጃቸው የምትመለሰው ማታ ነበር። ሦስተኛው ሕግ ደግሞ መውረድ ለማይችለው መውጣት ነው። ኮንዶሚኒየማችን አሳንሰር የለውም፤ አራተኛ ፎቅ ያለ ጉልበት የታመመ ሰው ደረጃው ወኅኒ ሆኖበታል። በወር አንዱን ረቡዕ ጀበናውን ይዘን እኛ እንወጣለን፤ በየወለሉ እያረፍን ነው የምንወጣው፤ ሙያዬ ስለሆነ በዚህ አልደራደርም።

እግረ መንገዴን ጥቂት ጥቃቅን ነገር ልናገር፤ ጥቃቅን ናቸው፣ ግን ሰውን የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው። ጆሮ የከበደው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ሌሎች ሲስቁ እሱም ይስቃል፤ በኋላ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥታችሁ አስቀምጡት፤ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ አትጩኹበት፤ ፊት ለፊት ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። አንድ በአንድ ካወራን ይሰማል፤ አሥራ ሁለት ሆነን ስንንጫጫ ግን ማንም አይሰማ። ደግሞም መጸዳጃ የሌለበት ቦታ አትቀጣጠሩ። ስኳር ያለበት፣ የሽንት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጸዳጃ የት እንዳለ ሳያውቅ ከቤቱ አይወጣም፤ ምክንያቱንም አይነግራችሁም። የመሸም አይሁን፤ የምሽት ታክሲ ግፊያ ለእኛ አይሆንም።

ቅያሜስ? ይህ ሰፊ ጉዳይ ነው። እኛ ሽምግልና እንቀመጣለን፤ ባልና ሚስት እናስታርቃለን፤ ደም የተቃባ እናስማማለን። የራሳችንን ቅያሜ ግን ከነመንስኤው ረስተነውም እንኳ ይዘነው እንኖራለን። ለምን ከእገሊት ጋር አትነጋገሪም? «ኧረ ተዪኝ» ይባላል። በዚህ ዕድሜ አዲስ ጓደኛ ማፍራት ይቻላል፤ የ40 ዓመት ጓደኛ ማፍራት ግን አይቻልም፤ ያለው ያው ነው። ለሌላው ሽማግሌ የምንልከውን ያህል ለራሳችንም እንላክ።

ደግሞ ሁሉም ሰው ስብስብ ይወዳል ማለቴ አይደለም። ብቻውን መጽሐፉን እያነበበ፣ ጸሎቱን እያደረሰ፣ ዕፅዋቱን እየኮተኮተ ደስ ብሎት የሚውል አለ፤ እሱን አትቆስቁሱት። ሎራ ካርስተንሰን የሚባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ለረጅም ዓመታት አጥንተው እንደጻፉት፣ ሰው ዕድሜው ሲገፋ የወዳጆቹን ቁጥር ራሱ እየመረጠ ይቀንሳል፤ የሚወዳቸውን ጥቂቶች ግን አጥብቆ ይይዛል። አንድ ወይም ሁለት የልብ ሰው ያለው አልጎደለበትም። የሚያሳስበኝ አንድም የሌለው ነው።

ልጆቻችን በውጭ አገር ስላሉልን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የልጅ ልጅ ልታሳድግ ሜሪላንድ የሄደች ጓደኛ አለችኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ልጇና አማቿ ሥራ፤ መኪና አትነዳ፣ ቋንቋው አይገባት፣ በረዶው አያስወጣ። የመጀመሪያውን ክረምት በመስኮት ስታይ ነው ያሳለፈችው። ኋላ በእሑድ ቅዳሴ እንደ እሷ የመጡ እናቶችን አገኘች፤ በየጠዋቱ በስልክ መስመር ተሰብስበው ጸሎት እንደሚያደርሱም ነገሯት። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ መስመሩን አይዘጉትም፤ ጨዋታው ይቀጥላል። እኔና እሷ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ቡና እንጠጣለን፤ የእኔ የማታ ቡና ለእሷ የጠዋት ነው። ልጆቻችን ሆይ፣ እናታችሁን ስትወስዱ ካፖርት ብቻ አትግዙላት፤ ጓደኛም ፈልጉላት፤ በሳምንት አንድ ቀን አድርሳችሁ መልሷት።

በመጨረሻ፣ «እኛ ለማን እንጠቅማለን?» ለሚሉት። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም አሉ። በአገሪቱ የእሳቸው ዓይነት ሐኪም እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። ጭንቀት የያዘው ሰው ይመጣል፤ አያቲቱ ታዳምጠዋለች፤ መላውን አብረው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ እነሱን ያነጋገሩ ሕመምተኞች የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት የበለጠ ተሽሏቸው ተገኝተዋል። አያቶች ናቸው ይህን ያደረጉት! በእኛም መንደር በመጀመሪያ ልጇ ግራ የተጋባች ወጣት እናት በየብሎኩ አለች። ረቡዕ ሕፃኗን ይዛ ትምጣ፤ እኛ ሕፃኑን እናቅፍላት፤ እሷ ቡናዋን ትጠጣ። ሁሉም ጓደኛችን እኩያችን ከሆነ አንድ ላይ አርጅተን አንድ ላይ ነው የምናልቀው።

እንግዲህ ጸሐፊያችን ጋር ወረቀት ተቀምጧል። ስማችሁን፣ ስልካችሁን፣ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ፤ ደረጃ መውረድ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አጠገቡ ምልክት አድርጉ። ስለ ጎረቤታችሁም መጻፍ ትችላላችሁ፤ አስፈቅዳችሁ ግን። ወንዶችም ትመጣላችሁ፤ ገበጣም ዳማም አለ። የፊታችን ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ኮሙናሉ ክፍት ነው። ጀበናውና ረከቦቱ ከእኔ ነው፤ ስኒው ስለማይበቃ ግን ሁላችሁም የየራሳችሁን ስኒ ይዛችሁ ኑ። አመሰግናለሁ።